የአቶ ታዬ የእሽቅድምድም ወንበር

ዓይን የሚያርፍበትን ብቻ የሚያጠብቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ የነፋስ ስልክ ጎረቤቴን አቶ ታዬን አውቃለሁ። በደርግ ጊዜ፣ ቤንዚን በኩፖን ስንቀዳ፣ እሳቸው ለአሮጌዋ ሴይቼንቶ መኪናቸው የእሽቅድምድም ወንበርና በሁለት ትከሻ የሚወርድ ቀበቶ ገዙ። በኩፖን ቤንዚን ማንን ሊቀድሙ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ወንበሩን እንዲገጥም የተጠራው በያጅ ከድር፣ «ጋሼ፣ ወለሉ ዝጎ ሳስቷል። መጀመሪያ ከሥሩ ወፍራም ላሜራ ልበይድበት» አላቸው።

«ወለሉን ማን ያየዋል? አንተ ወንበሩን እሰር።»

ታሰረ። በማግስቱ አቶ ታዬ ቀበቶውን ደረታቸው ላይ ጥርቅም አድርገው፣ እንደ ወትሮው እኛን ጎረቤቶቻቸውን «ግፉ» አሉን። ገፋን። ሞተሩ ተነሳ፤ ወንበሩም ከነብሎኑ ተነቅሎ ወደ ኋላ ተንጋለለ። ሰውየው ጣሪያውን እያዩ፣ እግራቸው ፍሬን ፍለጋ አየር እየረገጠ፣ መኪናዋ ቁልቁል ወደ ቀበሌው አጥር ነጎደች። የቀበሌ አጥር ማፍረስ ደግሞ ያኔ አደጋ አይባልም፤ አሻጥር ነው።

ሮጬ በመስኮት እጄን ሰድጄ ሞተሩን ሳጠፋው፣ ማርሽ ውስጥ ስለነበረች ተንገጫግጫ ቆመች፤ ከአጥሩ አንድ ክንድ ቀርቷት ነበር።

አቶ ታዬ እንደተንጋለሉ፣ «አየህ፣ ቀበቶው ንቅንቅ አላስባለኝም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እሳቸውና ወንበሩ አልተለያዩም፤ ከመኪናዋ የተለዩት ሁለቱም አብረው ነው።