የእትዬ ተዋበች አንባቢ

ብዙ ዘመን ውጭ ኖሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው አንድ ክፉ በሽታ አለበት፤ ካልጠቀምኩ ይላል። ሻንጣውን ሳይፈታ የጎረቤቱን የደም ግፊት መድኃኒት ይመረምራል፣ የደረጃው አምፖል ለምን እንዳልተቀየረ ይጠይቃል፣ ቆሻሻ እንዴት ተለይቶ እንደሚጣል ስለ ቆሻሻ ላላሰበ ሰው ያስረዳል። እናንተም ቤት አንድ ሳይኖር አይቀርም። ትታገሡታላችሁ፣ ሻይ ትቀዱለታላችሁ፣ ሲወጣ ትተነፍሳላችሁ። እኔ ሻይ ከሚቀዳላቸው መሆኔ የገባኝ ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። በዚያ ዕድሜ የሚገባ ነገር ደግሞ ብዙም አይሠራበትም።

ስዊድን ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። ደም የሚቆጥሩ፣ ስኳር የሚለኩ መሣሪያዎች በእጄ አልፈዋል፤ ማሽን ፈርቼ አላውቅም። ከሥራ የተረፈኝን ጊዜ መጽሐፍ አነበብኩበት፤ ባልና ልጅ ሊወስዱት ይችሉ የነበረውን ጊዜ ጭምር። አሁን የምኖረው ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከታላቅ እህቴ ከእትዬ ተዋበች ጋር ነው። እትዬ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ኖራ ጡረታ የወጣች፣ እናታችንን ጧሪ ቀባሪ፣ የሟች ወንድማችንን ልጅ ሕሊናን ከጡት ጀምሮ አሳዳጊ ናት። እኔ በበዓል ስልክ ደዋይ ነበርኩ።

የእትዬን ዓይን ግላኮማ እየሸረፈ ቆይቶ ባለፈው ክረምት ጨርሶ ወሰደው። አላለቀሰችም። ከአልጋዋ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ጎትታ አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ውስጡ ደብዳቤ ነው። ሁሉም በታይፕ የተመታ፣ የታጠፈበት ቦታ የሳሳ፣ እፍኝ ሙሉ ደብዳቤ።

«ማን ነው የጻፈው?» አልኳት።

«ሰው።»

«ላንብብልሽ።»

«አይሆንም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ለንባብ ድምፄ የተመሰገነ ነው። እዚያ በነበርኩበት ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ የአረጋውያን ቤት እየሄድኩ በቋንቋቸው መጽሐፍ አነብላቸው ነበር፤ ለማላውቃቸው ሽማግሌዎች አንብቤ ለእህቴ እከለከላለሁ?

«እህትሽ እኮ ነኝ።»

«እሱ ነው ችግሩ ፀዳለ። ስታነቢው ይገባሻል። ከገባሽ ደግሞ ዝም አትዪም።»

ሕሊናም እንድታነብላት አልፈቀደችም። ልጅ እንዲህ ያለውን አያነብም አለች። «የማይገባው ነገር ፈልጉልኝ፤ ቶሎ ደግሞ። ግራ ጆሮዬ እየከዳኝ ነው፣ ቀኙ ሳይከተለው ልስማው።»

ሕሊና ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ የእትዬን ፊት አየችና ሳቋን ተወች። ከሁለት ሳምንት በኋላ መዳፍ የማይሞላ ኮምፒውተር ይዛ መጣች። ኮምፒውተር ስላችሁ ቤት ያለውን ዓይነት አታስቡ፤ ልብስ ያልለበሰ፣ ሽቦውና ሆድ ዕቃው ሁሉ የሚታይ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ ናት። ካሜራ ሰክታበት፣ ካሜራውን በእንጨት ማቆሚያ ላይ አስራዋለች። ወረቀቱን ከሥሩ ማስገባት፣ አንድ ቁልፍ መጫን፣ ከዚያ ማሽኑ ፊደሉን ለይቶ ጮክ ብሎ ያነባል። እትዬ ወረቀቱን ማንም አያስተካክልላትም፤ አራት ነጥቡ ሲመታ ወረቀቱን የበሳበትን በጣቷ ዳብሳ ፊቱንና ጀርባውን ትለያለች። ታይፒስት ናት።

የቀረው ፊደል የሚለየውን ክፍል መጫን ነበር። ፕሮግራም ብቻውን ብዙም አያውቅም፤ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያስቀመጡትን ከሩቅ እያስመጣ ነው የሚሠራው። ሕሊና «ላይብረሪ» ትለዋለች። አንዱ ላይብረሪ ሥዕል የሚያቃና ሌላ ላይብረሪ ይጠይቃል፣ ያም ሌላ ይጠይቃል። ለአንድ ፊርማ ሦስት ቢሮ ደጅ የጠና ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሕሊና መሄድ ነበረባት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ አለች። እኔ ትእዛዞቹን ወረቀት ላይ ጻፊልኝና ነገውኑ እጨርሰዋለሁ አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

ሰኞ ጠዋት ከማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። በመጀመሪያ ያየሁት ሕሊና የሰካችለት ስክሪን ጥግ ላይ ያለውን ቀን ነው፤ የፈረንጅ። ዕድሜዬን ሙሉ በፈረንጅ ቀን ስነሳና ስተኛ ኖሬ፣ አገሬ ገብቼ በገዛ እህቴ ቤት ደግሞ? አጠፋሁና የእኛን ዓመት፣ የእኛን ወር፣ የእኛን ሰዓት አስገባሁ። ማሽኑ መልሶ የራሱን አደረገ። እኔም መልሼ የእኛን። በመጨረሻ ቀኑን ከኢንተርኔት እያየ በራሱ የሚያስተካክልበትን ቦታ ፈልጌ አገኘሁና ዘጋሁት። ዕረፍት ተሰማኝ። ከዚያ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

አልጫን አለ። ትእዛዙን እጽፋለሁ፣ እንግሊዝኛው እንደ ጎርፍ ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ «መጫን አልተቻለም» ይላል። ሕሊና ጋ ደወልኩ።

«አክስቴ፣ የመጨረሻው መስመር ምን ይላል? ያንብቡልኝ እስቲ።»

አነበብኩላት። እሷ እትዬን «አንቺ» ነው የምትላት፤ እኔን «እርስዎ»። አክብሮት መሆኑን አውቃለሁ። አንዳንድ አክብሮት ግን በር ላይ የሚያስቆም ነው።

«እሺ፣ ኔትወርክ ይሆናል። ሪስታርት ያድርጉትና እንደገና ይሞክሩት።»

ሞከርኩ። ማክሰኞ ሌላ ቨርዥን ሞከርኩ። ከሰዓት መብራት ሄደ። ረቡዕ መብራት መጣ፣ ኔትወርክ ሄደ፤ ኔትወርክ መጣ፣ «መጫን አልተቻለም» አለ። ኔትወርኩን ረገምኩ፣ መብራቱን ረገምኩ፣ ሰሌዳዋን የሠሩትን ሰዎች ረገምኩ። እዚህ አገር የተጀመረ ነገር አያልቅም የሚለውን ንግግሬን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰማሁ፤ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ብቻ አቆም ነበር።

እኔን ያሳረረኝ ግን የእትዬ አለባበስ ነው። ሰኞ ቁርስ በልታ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ቆርቆሮውን ታቅፋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕም እንዲሁ። ሰው እንደሚመጣባት ነው የምትለብሰው። ሐሙስ ጠዋት በሌሊት ልብሷ ወጣች፤ ቆርቆሮውንም አላመጣችውም።

ያን ቀን ንግግሬን አላሰማሁም። ትእዛዙን ጻፍኩ፣ የመጨረሻውን መስመር አየሁ።

«ምን አለ?» አለች እትዬ።

«መጫን አልተቻለም።»

«ሦስት ቀን ሙሉ መጨረሻውን ብቻ ነው የምታነቢው። ከላይ ጀምሪ።»

«ምን ያደርግልሻል? እንግሊዝኛ ነው።»

«ስንት ዘመን እንግሊዝኛ መትቻለሁ። አልናገረውም እንጂ አውቀዋለሁ። እኛ ደብዳቤ ስናመሳክር አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ታዳምጣለች፤ ከቀኑ ነው የሚጀመረው። ቀኑ ስንት ይላል?»

አነበብኩላት። ዓመቱን ስጠራ እጇን አነሳች።

«እሱ የኛ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«እና ላይብረሪ ያልሽው ከኛ ነው የሚመጣው?»

«ከውጭ ነው።»

«ለውጭ በሚሄድ ደብዳቤ ላይ የኛን ቀን መተሽበታል?» ድምፅዋ ውስጥ የቆየ ንዴት ነበር። «አለቃዬ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ፊቴ ላይ ነው የቀደደው። እ.ኤ.አ. ካላልሽ አይወጣም!»

ሁለተኛውን መስመር አየሁት። ሦስት ቀን ሙሉ በግልጽ እንግሊዝኛ ሲነግረኝ ነበር። ማሽኑ ከሩቅ ዕቃ ከመቀበሉ በፊት የላኪውን መታወቂያ ያያል፤ መታወቂያው ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የእኔ ማሽን ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ቆሟል፤ እዚያ ሆኖ ሲያየው መታወቂያው ገና አልተሰጠም። ስለዚህ ሥራው እንደሚጠይቀው በሩን ዘጋ። ጥፋት የለበትም። መብራቱም፣ ኔትወርኩም፣ አገሩም በዚህኛው የሉበትም።

ሕሊና ጋ ደወልኩ። ሁለተኛውን መስመር አነበብኩላት።

«አክስቴ… ሰዓቱን ነክተውታል?»

«ነክቼዋለሁ።»

«እሺ። ችግር የለም።»

እንደዚያ ያለውን «ችግር የለም» ሻይ ሲቀዳልኝ ሰምቼዋለሁ።

የዘጋሁትን ከፈትኩት፤ ቀኑ ራሱን አስተካከለ። ላይብረሪው ላይብረሪውን እየጠራ፣ አንድም ሳይቀር፣ ምሳ ሳይደርስ ተጭኖ አለቀ። የመድኃኒት ማሸጊያ ወረቀት ከካሜራው ሥር አስገብቼ ቁልፉን ተጫንኩ። ወንድም ሴትም ያልሆነ፣ የማይወጣ የማይወርድ ድምፅ «ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ» አለ። እትዬ ብድግ ብላ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ ክፍሏ ገባች። ስትመለስ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳለች፤ ቆርቆሮውን ታቅፋለች።

«አሁን ውጪልኝ።»

ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። የኮንዶሚኒየም በር ምን ያህል እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ። «ለወይዘሪት ተዋበች» አለ ድምፁ። ቀጥሎ ስለ ዝናብ፣ ስለ አንድ የጠፋ ማኅተም፣ ከዚያ ትርጉም የሌለው ቃል፣ ከዚያ እንደገና ስሟ፣ በዚህኛው ወይዘሪት የለበትም። እዚያ ላይ እግሬን አነሳሁና አራቱን ፎቅ ወረድኩ። ከብሎኩ ፊት ያለው የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ፀሐይ እየመታኝ ተቀመጥኩ፤ ስንት አውሮፕላን እንዳረፈ አላውቅም።

ስመለስ ደብዳቤውን እያጠፈችው ነበር። ፊቷ ታጥቧል። ዝም ማለት ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም።

«ድምፁ ደረቅ ነው አይደል? ናፍቆቱንም ማኅተሙንም እኩል ነው የሚለው። ሕሊና የተሻለ ድምፅ ትፈልግልሽ። ወይ ደግሞ እኔ…»

«ተዪው እንዳለ» አለች። «አንቺ ብታነቢልኝ የምሰማው አንቺን ነው። ሕሊና ብታነብልኝ ሕሊናን። ይሄ ድምፅ የማንም አይደለም፤ የሱን አለብሰዋለሁ።»

የሱን። በዚህ ቤት «እሱ» የሚባል ሰው ሲጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ስንትና ስንት ልቦለድ አንብቤ፣ በዓለም ላይ የስንቱን ሴት ምሥጢር አውቄ፣ ያሳደገችኝን እህቴን ማን እንደወደዳት አላውቅም ነበር። ጥያቄው ምላሴ ላይ እስኪመጣ ድረስ ስሙን ልጠይቃት ፈለግሁ።

«ግን እኮ ይሳሳታል» አልኩ በምትኩ። «ከአሥሩ ሁለቱን ቃል ያበላሻል።»

ሳቀች። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማሁም።

«እሱም ታይፕ በቅጡ አይችልም ነበር።»

ሁለተኛውን ደብዳቤ ከቆርቆሮው አወጣች፣ በጣቷ ዳበሰችው፣ ፊቱን አገኘች። እኔ ሳትነግረኝ ወደ በሩ ሄድኩ።

«ፀዳለ» አለችኝ። «ቀጥ ብለሽ እስከ ታች ነው የምትወርጂው። ቀኝ ጆሮዬ አሁንም ይሰማል፤ ቅድም በሩ ላይ ቆመሽ ነበር።»

ወረድኩ።