ብሎክ ያመጣቸው ሽማግሌዎች

እናንተ፣ ሳያስፈቅድ የሚከተላችሁ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? መንገድ ላይ ቢሆን ፖሊስ ይጠራል፤ ስልክ ላይ ሲሆን ግን «ፎሎወር» ይባላል።

የኔው ተከታይ በራሱ ፎቶ ፋንታ ጽጌረዳ የለጠፈ፣ የማላውቀው ሰው ነበር። ፎቶ በለጠፍኩ በደቂቃው ላይክ ያደርጋል። አንድ ቀን ካዛንቺስ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ጎልማሳ ጠጋ ብሎ፣ «ዛሬ ቀዩን ጫማ አላደረግሽውም?» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ተከታይሽ ነኛ! ጽጌረዳው!» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

ሳልጨብጠው ታክሲ ውስጥ ገባሁና ብሎክ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ላንቻ ዳቦ የሚሸጥልኝ ሰውዬ እንኳ ፈገግ ሲል፣ «ይሄም አንዱ ይሆን?» እላለሁ።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አባቴ ለጋብቻ የመጡ መስሎት ከረባቱን አስሮ ተቀበላቸው።

«ልጅዎ አንድ ልጃችንን ብሎክ አድርጋዋለች» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ማለቴ፣ እንድትከፍትለት ልንለምን ነው የመጣነው።»

አባቴ ወደኔ ዞረ። «መጀመሪያስ ተከተለኝ ብለሽው ነበር?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ገጿ እኮ ክፍት ነው» አሉ ሽማግሌው።

«የኔም በር ክፍት ነበር» አለ አባቴ፤ «እናንተ ግን አንኳኩታችሁ ነው የገባችሁት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ተነሱ። በአባቴ ኮርቼ እስከ ውጭ ድረስ ሸኘኋቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጉንጬን በሐዘኔታ አየት አድርገው፣ «ለመሆኑ የጥርስሽ ሕመም ተሻለሽ?» አሉኝ።

የጥርሴን ሕመም ለአባቴ እንኳ አልነገርኩትም። የጻፍኩት ገጼ ላይ ብቻ ነው።