ድንኳኑማ ተዘጋጅቷል

እናንተዬ፣ ለቀብሩ ተዘጋጅቶ ለሞቱ ያልተዘጋጀ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አብሬው ተሳፍሬያለሁ።

ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ባለፈው እሁድ ሁለቱን ልጆቻቸውንና እኔን ጭነው ከቡራዩ ሱሉልታ ለሰርግ ወሰዱን። ለዚህች መንገድ የያዙትን ብታዩ! ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ብርድ ልብስ፣ ጃንጥላ፣ ልጆቹን ቢያስመልሳቸው ብለው አንድ እስር ፌስታል። እኔማ የውሃውን ጀሪካን ታቅፌ ነው የተጓዝኩት።

"ኦቦ፣ እንዲህ ለሁሉ ሲዘጋጁ፣ ቤቱ ለማን እንደሚሆን ጽፈዋል?" አልኳቸው።

ፍሬን ያዙ።

"ያ ዋቅ! ምን ታሟርትብኛለህ?"

እሺ፣ ኑዛዜ ሟርት ይሁን። ታዲያ ሦስት እድር ውስጥ ምን ይሠራሉ? ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ የንፍሮው ድስት ሳይቀር ተዘጋጅቶ እየጠበቃቸው ነው። ይሄ ሁሉ አይገድልም፣ አንዲት ወረቀት ግን ትገድላለች!

"ቤቱስ ታዲያ?" አልኩ፣ አልለቅም ብዬ።

"ልጆቼ ተስማምተው ይካፈላሉ!" አሉ ኮራ ብለው።

ወደ ኋላ ዞሬ ወራሾቹን አየኋቸው። ቡራዩ ላይ መስኮት ጋ ማን ይቀመጥ ብለው እንደተናነቁ አልተላቀቁም። ታናሹ የታላቁን ጆሮ ነክሶ ይዟል።