የጋሽ ደምመላሽ «ጥሩ ቤት»

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ አንደኛው ስም ሰብሳቢ ነው። ሱቅ ልከፍት ነው ብትሉት፣ ልጅ ልወልድ ነው ብትሉት፣ «ዶት ኮሙን ይዤዋለሁ» ይላችኋል። የእኛው ክቡር ጋሽ ደምመላሽ ናቸው፤ የኦክላንድ ሹፌር፣ የሰንበቴ ማኅበር ጸሐፊ፣ የአርባ ሰባት የድረ ገጽ ስሞች ባለርስት።

የሰፈራችን ልጅ ብሩክታዊት ፍሩትቬል ሰፈር ላይ ዳቦ ቤት ልትከፍት መሆኑን ስትነግራቸው፣ ወሬዋን ሳትጨርስ ስልካቸውን አውጥተው ስሟን በራሳቸው አስመዘገቡት። ዳቦ ቤቱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በእኅቷ ስም ነው። የእኔንም የበኩር ልጅ ስም ይዘውታል፤ እኔ ገና ሚስት እንኳ አላገባሁም።

ምኞታቸው አንድ ነው። ተመርጠው ያለፉ ስሞች ብቻ የሚሸጡበት ፕሪሚየም የሚባል የኦንላይን ጨረታ አለ፤ ከስሞቻቸው አንዱ እዚያ እንዲገባላቸው ይፈልጋሉ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ላኩ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተመለሰባቸው። እያንዳንዱን ኢሜይል ቴሌግራፍ አቬኑ ካለ ካፌ አስቀምጠው ያስነብቡኛል።

«ኩፐርቲኖ የኮምፒውተር ኩባንያ ትሠራ የለ? የዛሬው እምቢታ፣ 'አንፎርቹኔትሊ' የሚሉት፣ ትንሽ ለስለስ አላለም?»

በመጨረሻ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዕፀገነት ቁርጡን ነገሯቸው። «ሃያኛውንም ሪጀክት ካደረጉት፣ በቃ፣ ሁሉንም ትተዋለህ።»

ጋሽ ደምመላሽ ተስማሙ። ለቤት አከራዮች ይሆናል ብለው ያሰቡትን «ጥሩ ቤት» በፈረንጅ ፊደል trubet ብለው አንድ ላይ ገጥመው ላኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ደወሉልኝ። «አፕሩቭ አድርገውታል» አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን የሐዘንተኛ ነበር። «እስቲ መጥተህ አንብብልኝ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።»

ሄጄ ኢሜይሉን አነበብኩት። ገምጋሚዎቹ በራሳቸው ቋንቋ «ትሩ ቤት»፣ እውነተኛ ውርርድ፣ ብለው አንብበውት ኖሯል። እንኳን ደስ አለዎት፣ ስምዎን ከቁማር ክፍል አስገብተነዋል ይላል።

«የሰንበቴ ጸሐፊ ሆኜ ቁማር ቤት ላስከፍት?»

«ጋሼ፣ የሚሸጡት እኮ ስሙን ብቻ ነው።»

«ስም አይደል ከመቃብር በላይ የሚውለው?»

ስሙን ካወጡት የመጨረሻው ዕድላቸው እንዳለቀ ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ፣ «ዊዝድሮው አድርግልኝ፣ ስሙን አውጣልኝ» አሉ። ጻፍኩላቸው።

ማታውኑ ለወይዘሮ ዕፀገነት ሁሉንም ራሳቸው ነገሯቸው፤ እኔም ምስክር ሆኜ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። «እንግዲህ በቃሌ መሠረት እተዋለሁ» ብለው ጨረሱ።

ወይዘሮ ዕፀገነት ትንሽ አሰቡ። «እኔ ያልኩህ እነሱ እምቢ ካሉ ነው። እነሱ መች እምቢ አሉ? እምቢ ያልከው አንተ ነህ።»

እፎይ አልኩ። ስንት ዓመት ያማኋቸው ሰውዬ ከእንግዲህ ኢሜይል አያስነብቡኝም ብዬ ለካ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።