የጥሬ ድምፅ ማስፈጸሚያ ኮሚቴና ሙንተሀ

የሰው ልጅ ለጥበብ ከከፈለው መሥዋዕትነት ሁሉ፣ ኩዌት፣ ማንጋፍ በሚገኝ ባለሁለት ክፍል አፓርታማ ውስጥ በነሐሴ ወር ኤሲ አጥፍቶ ሮክ የመቅዳትን ያህል የከበረ የለም። ይህን የሚረሳ ትውልድ ይፈር።

የኩባንያ ሾፌርና የአንድ የሐበሻ ሮክ ባንድ ሊቀመንበር የሆኑት አቶ ቦጋለ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ያወጡት ካሴት በኪቦርድ ብዛት የተሽሞነሞነ መሆኑን ደረሱበት። የዓለም ታላላቅ የሮክ ባንዶች የድሮ አልበማቸውን በጥሬ ድምፅ እንደገና እየቀዱ ነው የሚል ወሬም ሰሙ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ማኅተምም ተቀረጸለት። የመጀመሪያው ውሳኔ "ላብ የሌለበት ሮክ ጥሬ አይባልም" የሚል ነበር።

ዘፋኟ ሙንተሀ ወሬውን ስትሰማ ደስታዋን የምትይዝበት አጣች። ያን ካሴት ስትዘፍን ገና ከወሎ መምጣቷ ነበር፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ ከዜማው ይወጣል። ሰው ካሴቱን በከፈተ ቁጥር የምትገባበት ይጠፋታል። ሳልሚያ በተቀጠረችበት የውበት ሳሎን የደንበኛ ፀጉር እያጠበች ስድስት ዓመት ስትለማመድ ኖራለች። አሁን ያን ጉድ የምታርምበት ቀን መጣላት።

የሳሎኑን ባለቤት፣ ማዳምን፣ የአንድ ቀን ኢጃዛ (ፈቃድ) ለምና አርብ ጠዋት ማንጋፍ ደረሰች። ድራም መቺው ሙጀሂድ በሙቀቱ ራሱን ስቶ ወድቋል፤ ጸሐፊው ሲራጅ "አበረታች ውጤት" ብሎ በቃለ ጉባኤው አስፍሯል።

ሙንተሀ ዘፈነች። እውነት ለመናገር፣ አንጀት የሚበላ ነበር። ሙጀሂድ እንኳ ዓይኑን ገለጠ።

"ምን ሆነሻል አንቺ?" አሉ ቦጋለ ደንግጠው።

"ምነው ጋሽ ቦጋለ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?"

"አልተሳሳትሽም! ችግሩ እሱ ነው እኮ!"

"ታዲያ ልሳሳት?"

"ሆን ብለሽ ከተሳሳትሽማ ጥሬ አይሆንም። ሳታውቂ ተሳሳቺ።"

"ሳላውቅ እንዴት አድርጌ?"

"እሱን ኮሚቴው ያጠናዋል።"

አሥራ አንድ ጊዜ አስዘፈኗት። እልህ ይዟት ጭራሽ እያማረ ሄደ። በመጨረሻ እንባዋ መጣ።

"ጋሽ ቦጋለ፣ በአላህ፣ እንዲሁ ይለፍልኝ። ስድስት ዓመት ለፍቻለሁ።"

"ልፋትሽን ኮሚቴው በጥብቅ ያወግዛል" አሉ።

ኮሚቴው ሦስት አርብ መከረ። መስፈርቱን የምታሟላ ዘፋኝ በመላ ኩዌት በውድድር ተፈልጋ አንዲት ብቻ ተገኘች፤ በድሮው ካሴት ላይ ያለችው። ድምጿ ከነመንቀጥቀጡ ተገልብጦ አዲሱ ሲዲ ላይ ገባ። ኪቦርዱም አልላቀቅ ብሎ አብሮ ስለመጣ፣ "ጥሬ ኪቦርድ" ተብሎ ተመዘገበ።

ሙንተሀ በአንድ ፖስታ ውስጥ ማኅተም ያረፈባቸው ሁለት ደብዳቤዎች ደረሷት። አንደኛው፣ ውድድሩን በከፍተኛ ብልጫ ስላሸነፍሽ እንኳን ደስ ያለሽ ይላል። ሁለተኛው፣ በዚያው ውድድር ስለተሸነፍሽ ከዛሬ ጀምሮ ከባንዱ ተሰናብተሻል ይላል።