ክብርት እመት ቆይ እስቲ እና የደሙ ቀለም

ሥራ የሚሠራበት ቤት ሁሉ ሥራ የሚያስቆም አንድ ሰው አለው። ይህ ሰው የበላይ ሹም አይደለም፤ ሹሙ ራሱ ግን እሱን አልፎ አይሄድም። እኔ በምመራው የካንሰር ምርምር ላቦራቶሪ ይህን ማዕረግ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ያለ ተቀናቃኝ ይዘው የኖሩት ዋና ቴክኒሻናችን፣ ክብርት እመት ቆይ እስቲ ናቸው።

ሊፍት ውስጥ ስንገባ በሩ ሊዘጋ ሲል «ቆይ እስቲ፣ ስንት ሰው ነው የገባው?» ይላሉ። ይቆጥራሉ። አንድ ሰው ይተርፋል። የሚተርፈው ሰው እሳቸው ራሳቸው ይሆኑና በደረጃ ይወጣሉ፤ አምስተኛ ፎቅ ስንደርስ በሩ ላይ ቆመው «ዘገያችሁ» ይሉናል።

ልጃቸው በተዳረች ዕለት ሙሽሮቹ ሊፈርሙ ብዕር ሲያነሱ፣ «ቆይ እስቲ!» የሚል ድምፅ አዳራሹን ሰነጠቀው። የሙሽራው እናት ደረታቸውን ያዙ። ለካስ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቀን የትናንት ኖሯል። «ልጄ ትናንት አላገባችም፤ ትናንት ፀጉር ቤት ነበረች» ብለው አስተካከሉ። ባለቤታቸው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ በዚያው ዕለት ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው «ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀልድ እስከ መጨረሻው ተናግሬ አላውቅም» አሉኝ።

ይህን የምተርከው ለሐሜት አይደለም። የምንመረምረው ነገር ጠባይ የእሳቸውን ጠባይ ስለሚመስል ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ዘረመል እንደ ዋና መዝገብ ተቀምጧል። ከመዝገቡ ትእዛዝ ይገለበጣል፤ በትእዛዙም መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። ማይክሮ አር ኤን ኤ የተባለችው ቅንጣት ግን ፕሮቲን ሠርታ አታውቅም። ርዝመቷ ቢበዛ ሃያ ምናምን ፊደል ነው። የተገለበጠው ትእዛዝ ላይ ልጥፍ ትልና ሥራውን ታስቆማለች፤ በቃ። «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ የሚያስቆሙት ቅንጣቶች ሲጠፉ ሕዋሱ ልጓም እንዳጣ ፈረስ ይጋልባል፤ ካንሰር ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ሕዋሱን ከመባዛት የሚገቱትን የጠባቂ ፕሮቲኖች ትእዛዝ የሚያስቆሙት ሲበዙም ያው መከራ ይመጣል። ስለዚህ አስቆሚን ደግ ወይም ክፉ ብሎ ከመፈረጅ በፊት ምን እንዳስቆመ መጠየቅ ይገባል። እመት ቆይ እስቲም አዲስ ማቀዝቀዣ እንዳይገዛ ስምንት ወር በጥያቄ ይዘውን፣ አሮጌው ተበላሽቶ የሁለት ዓመት ናሙና ቀልጦብናል። ይህን አልረሳሁም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አራት ዓመት ሙሉ የስልሳ ሕመምተኞችን ደም ከስልሳ ጤነኞች ደም ጋር ስናመሳክር ቆይተን፣ በአንገት ዕጢ ካንሰር በተያዙት ደም ውስጥ እጅግ የበዛች አንዲት ቅንጣት አገኘን። ላቦራቶሪያችን ያለበት ሆስፒታል በዚህ መለኪያ ሰዎችን መመርመር ሊጀምር ተዘጋጀ። እኔም ውጤቱን ለተመራማሪዎች ጉባኤ የማቀርብበትን ንግግር ጻፍኩ። በዚህ መካከል የታናሽ እህቴ አንገት ላይ እብጠት ወጣ። ያልጸደቀ መለኪያ በሥጋ ዘመድ ላይ መሞከር ደንብ መጣስ ነው፤ ጣስኩ። ደሟ ሕመምተኞቹ በሚተኙበት ዎርድ ተቀድቶ ተለካ። ቁጥሩ ከጣሪያ በላይ ሆነ።

«ጋሼ፣ ውጤቱ ምን አለ?» አለችኝ።

«ገና ነው።»

«አንተ ስትዋሽ መነጽርህን ታወልቃለህ።»

መነጽሬ እጄ ላይ ነበር። በማግስቱ መጋረጃዎቿን ለጎረቤት ማደል ጀመረች።

ጉባኤው ሐሙስ ሊሆን፣ በፊቱ ባለው ዓርብ እመት ቆይ እስቲ ናሙናዎቹ ሁሉ እንደገና ይለኩ ብለው ግድ አሉ። እስከዚያ ድረስ ከደሙ ሕዋሳት የተለየውን ፈሳሽ፣ ፕላዝማውን፣ የያዙትን በረዶ የሆኑ ብልቃጦች የሚያቀልጡት ሌሎች ነበሩ። ያን ቀን ግን ራሳቸው አቅልጠው ነጭ ወረቀት ላይ ደረደሯቸው።

«ቆይ እስቲ።»

«እመቤቴ፣ ሐሙስ ጉባኤ አለብኝ።»

«ጉባኤው የትም አይሄድም። ይህን ይዩልኝ። የጤነኞቹ ቀለም ገለባ ይመስላል። የሕመምተኞቹ ለምን ሮዝ ሆነ?»

መልሱን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼን የማስተምረው እኔ ነኝ።

«ቀይ ሕዋሱ ፈንድቶ ነዋ! የጤነኞቹን ደም እዚህ አስቀምጬ ቀስ ብዬ የቀዳሁት እኔ ነኝ። የሕመምተኞቹ በዎርዱ፣ በቀጭን መርፌ፣ በጥድፊያ ተስቦ፣ ከዚያ በዚያ ሸክላው በተነቃቀለ ኮሪደር በጋሪ ሲናጥ መጣ። የእርስዎ ቅንጣት ደግሞ ቀይ ሕዋስ ውስጥ ሞልታ ተርፋለች። ፕሮፌሰር፣ አራት ዓመት የለካነው ካንሰሩን አይደለም፤ መርፌውን ነው።»

«የእህቴስ?» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ።

«የማን?»

ተናዘዝኩ። ብልቃጧን ፈልገው ወረቀቱ ላይ አቆሟት። ከሁሉም የቀላችው እሷ ነበረች።

«ደንቡን ያረቀቁት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። አንቀጽ አራት።»

«አምስት» አሉኝ።

ቅዳሜ ደሟን ራሳቸው ሊቀዱ እህቴን አስጠሩ። ክንዷን አመቻችተው ሲያስቀምጡ «መጋረጃሽን ሰጠሽ አሉ» አሏት።

«ሁለቱን ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«ሂጂና ተቀበይ።»

«ባልድንስ?»

«ባትድኚም ፀሐይ ቤትሽ መግባቷን አትተውም። ክንድሽን አላሊው።»

የደሟ ፈሳሽ ገለባ መሰለ፤ ቁጥሩም ዝቅ አለ። እኔ በደስታ ልዘል ስል እመት ቆይ እስቲ ከለከሉኝ፤ ልክም ነበሩ። በሐሰት የወነጀላት መለኪያ በነጻ ሊያሰናብታት ሥልጣን የለውም። ስለዚህ እህቴ እንደማንኛውም ሰው ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ከእብጠቱ በቀጭን መርፌ ተወስዶ በአጉሊ መነጽር ታየ። ረቡዕ ውጤቱ መጣ፦ ጉዳት የሌለው ዕጢ። እህቴ ስልክ ላይ አለቀሰች። እኔም መነጽሬን አወለቅሁ፤ የዚያን ቀን ግን የምዋሸው ነገር አልነበረኝም።

ሐሙስ ጉባኤው ፊት ቆሜ የአራት ዓመት ሥራችን ስለ ካንሰሩ ያስረዳን ነገር እንደሌለ፣ መለኪያውም በማንም ሰው ላይ ሊውል እንደማይገባ ተናገርኩ። ሰብሳቢው «ይህን ማን ደረሰበት?» ብለው ጠየቁ። በእጄ ወደ መጨረሻው ወንበር አመለከትኩ። ጉባኤው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እመት ቆይ እስቲ አንገታቸውን ደፍተው የቀሚሳቸውን ጠርዝ ማስተካከል ያዙ።

ንግግሬን ቀጠልኩ። ያስቆመኝ ሰው አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተመኘሁት ነገር ነበር፤ ሲደርስልኝ ግን ሰው ጥሎት እንደሄደ ቤት ጭር አለብኝ። ስለዚህ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ። ሆን ብዬ የስልሳዎቹን ሕመምተኞች ቁጥር ሃምሳ አልኩ። እሳቸው አሁንም ጠርዙን ያስተካክላሉ። ቀና ብዬ እያየኋቸው፣ አሁንም ሃምሳ አልኩ።

ከመጨረሻው ወንበር አንዲት እጅ ተነሣች። ወረቀቴን አስቀምጬ፣ እፎይ ብዬ ጠበቅኋቸው።