የወሰን ድንጋይ የሌለው አሸዋ

ባሕር ዳርቻ አይቶ የመጣ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ለቅሶ ቤት ሳይቀር ወሬው አሸዋ ነው። የደምበጫው ጎረቤቴ አያ ደሴ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። የአሰብ መንገድ ሳይዘጋ በፊት፣ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው ልጁ ይዞት ወረደ። ማለቂያ የሌለው ነጭ አሸዋ ላይ አቆመውና “አባዬ፣ ባሕሩን እይ እንጂ!” አለው።

“ቆይ፣ መጀመሪያ የማን መሬት እንደሆነ ልወቅ። በሰው ማሳ ላይ ቆሜ አልዝናናም” አለና ቀኑን ሙሉ የወሰን ድንጋይ ሲፈልግ ዋለ።

ትፈርዱበታላችሁ? ከአዋሳኙ ከአያ ጌጡ ጋር ለአንዲት ትልም ሲካሰስ ሦስት አስታራቂ ሽማግሌ የቀበረ ሰው እኮ ነው! ድንጋዩን ሲያጣ ጫማውን አውልቆ አሸዋው ላይ ተዘረጋ። እስኪጨልም ብቻውን ይስቅ ነበር አሉ።

አገሩ እንደገባ “አያ ጌጡ፣ ትልሟን ውሰዳት” አለ።

አያ ጌጡ ደነገጠ። “ምን ተንኮል ሸርበህ ነው? አልወስድም፤ ያንተው ትሁን!”

ይኸው እስከ ዛሬ የሚያርሳት ጠፍቶ ሣር አብቅላለች። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠውባት አገኘኋቸው።

“ለመሆኑ የማን ሆነች?” አልኳቸው።

“ጫማህን አውልቅና ተቀመጥ” አሉኝ በአንድ አፍ።